የሞራ ከተማ፦ ስድስት ቀን ወደ ስሜረንበርግ

ነገሩ የጀመረው በኮፍያ ነው።

አምስተርዳም፣ ራይክስሙዚየም ውስጥ አንድ የመስታወት ሣጥን አለ። ውስጡ በእጅ የተሠሩ የሱፍ ኮፍያዎች ተደርድረዋል። ብዙዎቹ ባለ መስመር ናቸው፤ አንዱ ግን አንዱን አይመስልም። ያደረጓቸው ሰዎች ዓሣ ነባሪ አዳኞች ነበሩ። ከብርዱ የተነሳ ከዓይናቸው በቀር ሁሉንም ነገር ይሸፍኑ ነበር። ማን ማን እንደሆነ የሚለዩት በኮፍያው መስመር ነው። ኮፍያዎቹ የወጡት ከመቃብር ነው። በ1980 የሆላንድ አርኪዮሎጂስቶች በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ካለችው ከስፒትስበርገን ደሴት አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ሲቆፍሩ አገኟቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ሣጥን ፊት ቶሎ መሄድ አቃተኝ። እናት ወይም እህት ቁጭ ብላ የሠራችው ኮፍያ ነው። ልጁ አድርጎት ሄደ፣ አልተመለሰም። የት እንደሄደ ማየት ፈለግሁ። ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቀምኩ። በ2019 ሐምሌ ወር ላይ ጉዞው ተሳካ፤ የሆላንድ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ሰፈር ወደነበረችው ወደ ስሜረንበርግ።

ከመነሳቴ በፊት ለእናቴ ደወልኩ። ዓሣ ነባሪዎች ይታደኑበት የነበረ ደሴት ልሄድ ነው አልኳት።

«ዮናስን የዋጠው?» አለች።

አዎ፣ እሱ። ለብዙዎቻችን ዓሣ አንበሪ ማለት የዮናስ ታሪክ ነው። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት በሆዱ ያሳደረው። ሰውን የዋጠውን እንጂ ሰው የዋጠውን ዓሣ ነባሪ ታሪክ ማንም አልነገረኝም ነበር።

አንደኛ ቀን፦ ሎንግየርብየን

ከኦስሎ ሦስት ሰዓት ያህል በአውሮፕላን። ስቫልባርድ (ስፒትስበርገን ያለችበት የደሴቶች ስብስብ) የኖርዌይ ግዛት ብትሆንም ከሼንገን፣ ማለትም ከአውሮፓውያኑ የጋራ ቪዛ ክልል፣ ውጪ ናት፤ ስለዚህ ኦስሎ ላይ ፓስፖርት ይታያል። እንደኔ በሐበሻ ፓስፖርት የምትጓዙ ካላችሁ፣ ፈቃዳችሁ መመለሻም የሚያስገባ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ስትወጡ ሼንገንን እንደለቀቃችሁ ነው የሚቆጠረው።

አየር ማረፊያው ውጪ የነጭ ድብ ሥዕል ያለበት የማስጠንቀቂያ ምልክት ቆሟል። «በመላው ስቫልባርድ» ይላል ከሥሩ። ለፎቶ የቆመ አይደለም። ከከተማው ወሰን አልፎ ያለ ጠመንጃ የሚሄድ የለም።

ከተማዋ የተቆረቆረችው ለድንጋይ ከሰል ነው። ሙዚየም ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ፤ ማዕድን ቆፋሪዎቹ የከሰል አቧራ እንዳያስገቡ ከሚያወልቁበት ዘመን የቀረ ልማድ ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ፤ በካልሲ ቀስ እያልኩ ዞርኩ።

ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ መስኮቴ ላይ ነበረች። እዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ አትጠልቅም። መጋረጃውን ዘጋሁ። እንቅልፍ ግን አልመጣም።

ሁለተኛ ቀን፦ ባሕር ላይ

መርከባችን ትንሽ ናት። ወደ ሰሜን ዞረን የምዕራቡን ዳርቻ ይዘን ወጣን። ተራሮቹ እንደ ጦር የሾሉ ናቸው። ሆላንዳዊው ቪለም ባረንትስ በ1596 ሲያያቸው ስፒትስበርገን አላቸው፤ «ሹል ተራሮች» ማለት ነው። የቻይናን መንገድ በሰሜን በኩል ሲፈልግ ነው እዚህ የደረሰው። በዓመቱ ከኖቫያ ዜምልያ ሲመለስ ሞተ።

ወሬው ግን ቀረ። በ1607 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሃድሰን መጥቶ ባሕሩ በዓሣ ነባሪ መሞላቱን ተናገረ። በ1611 እንግሊዞች ለአደን መጡ፤ በዓመቱ ሆላንዶች ተከተሉ። ሁለቱም ሥራውን አያውቁትም ነበር። የሚያውቁት ከፈረንሳይና ከስፔን ድንበር የመጡት ባስኮች ናቸው፤ እነሱ ለዘመናት ዓሣ ነባሪ ሲያድኑ ኖረዋል። ስለዚህ ባስኮችን ቀጠሩ። ጦር ወርዋሪው ባስክ፣ ቀዛፊው ሆላንዳዊ ወይም እንግሊዛዊ ሆነ። ሙያውን ከተማሩ በኋላ ባስኮቹን ቀስ በቀስ ተዉአቸው።

ጥሉም ወዲያው ተነሳ። በ1613 እንግሊዞች የጦር መሣሪያ የጫኑ መርከቦች ልከው ሌሎቹን አባረሩ። ሆላንዶች በ1614 የሰሜን ኩባንያ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ተደራጅተው ተመለሱ። የአገሩ ሰው ተው የሚላቸው አልነበረም። ስቫልባርድ ነባር ነዋሪ ኖሯት አያውቅም።

የሚፈልጉት ዓሣ ነባሪ አንድ ዓይነት ነው፤ ባውሄድ ይባላል። ጥቁር፣ ግዙፍ፣ እስከ 18 ሜትር የሚረዝም። ጭንቅላቱ የሰውነቱን ሲሶ ይሆናል። በጥርስ ፋንታ አፉ ውስጥ ከላይ የተንጠለጠሉ፣ ጫፋቸው እንደ ፀጉር የተበጣጠሰ ረጃጅም ሰሌዳዎች አሉት። ባሕሩን የሚያጣራው በእነሱ ነው። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ግማሽ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ለበረዶው መኖሪያ እግዚአብሔር ያለበሰው ካባ ነው። የሞቱ ምክንያትም ያው ካባ ሆነ። ስቡ ሲቀልጥ የመብራትና የሳሙና ዘይት ይወጣዋል። ሰሌዳዎቹ ለሴቶች የወገብ ማጥበቂያና ለጃንጥላ ሆኑ። ደግሞ ቀስ ብሎ ይዋኛል፤ ሲሞትም አይሰምጥም፣ ይንሳፈፋል። አዳኝ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እራት ላይ አንዲት ሆላንዳዊት አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት ስለ ስሜረንበርግ እንደተማሩ ነገሩኝ። «ትልቅ ከተማ ነበር ይሉን ነበር» አሉ። «ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትኩስ ዳቦ ሲወጣ ጥሩንባ የሚነፋ ጋጋሪ።»

ሦስተኛ ቀን፦ ማግዳሌና ፊዮርድ

ፊዮርድ በተራሮች መሐል ወደ የብስ የገባ ጠባብ ባሕር ነው። የበረዶ ግግሮች ከየሸለቆው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። ውኃው ጸጥ ያለ ነው። ወደ ውስጥ የወጣች የአሸዋ ምላስ ላይ ወረድን። ስሟ ግራቭኔሴት ነው፤ የመቃብር ምላስ እንደማለት። በ1600ዎቹና በ1700ዎቹ የሞቱ ዓሣ ነባሪ አዳኞች አንድ መቶ ሠላሳ የሚያህሉ መቃብሮች አሉ። ዙሪያው በሰንሰለት ታጥሯል፤ ጎብኚ ለዓመታት እየረገጠ ስለጎዳው።

አዛውንቷ ሰንሰለቱ አጠገብ ቆመው ቆዩ። እኔም ቆምኩ። የምንናገረው አልነበረም።

አራተኛ ቀን፦ ስሜረንበርግ

ጠዋት ጭጋግ ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲገፈፍ የአምስተርዳም ደሴት ፊታችን ወጣች። ትንሽ ናት፤ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር አትሞላም። አብዛኛው ተራራ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ጥግዋ ብቻ ዝቅ ያለ ሜዳ አላት፤ አሸዋና ጠጠር። ስሜረንበርግ የነበረችው እዚያ ላይ ነው። ሰሜን ዋልታ ከዚህ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው የሚርቀው።

በጎማ ጀልባ ወረድን። አስጎብኚዎቹ ጠመንጃቸውን አንግበው በአራቱም ማዕዘን ቆሙ።

ስሜር ሆላንድኛ ነው። ሞራ፣ ስብ ማለት ነው። ስሜረንበርግ ማለት እንግዲህ የሞራ ከተማ። ሆላንድ ውስጥ ስኖር ቃሉን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ዳቦ ላይ የሚቀባውም ከዚያው ይወጣል። እዚህ ቆሜ ስሰማው ግን ከበደኝ።

መጀመሪያ ምንም አይታይም። እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቦታ ጠጠርና ቀይ ቡናማ ሣር ነበር። ከሳይቤሪያ ወንዞች ወጥቶ ባሕር የተፋው ግንድ ዳርቻው ላይ ተረፍርፏል። በሜዳው ጫፍ ዋልረሶች፣ ረጅም ጥርስ ያላቸው ግዙፍ የባሕር እንስሳት፣ ተደራርበው ተኝተዋል። አስጎብኚው «ቀስ በሉ፣ ወደ መሬት እዩ» አለን።

ከዚያ መታየት ጀመረ። መሬቱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የቆመ፣ እንደ ጥቁር አስፋልት የጠጠረ ነገር አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የዓሣ ነባሪ ስብ ይቀልጥባቸው ከነበሩት ጋኖች ዙሪያ የፈሰሰ ዘይት ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ተጋግሮ ድንጋይ የሆነ ነው። ወደ አራት መቶ ዓመት ሊጠጋው ነው። ምድጃው ፈርሷል፣ የመዳብ ጋኑ ሄዷል፣ ሰዎቹ አልቀዋል። የፈሰሰው ስብ ግን አለ። መንካት ክልክል ነው፤ እኔም መንካት አልፈለግሁም።

ሥራው እንዲህ ነበር። አዳኞቹ በትንሽ ጀልባ ስድስት ስድስት ሆነው ይወጣሉ። ጦሩ ገመድ አለው። ከተወጋ በኋላ ዓሣ ነባሪው ጀልባዋን ይጎትታል፣ ይጠልቃል፣ ለመተንፈስ ይወጣል፣ እንደገና ይወጉታል። ሲደክም በረጅም ጦር ይጨርሱታል። ሬሳውን እየቀዘፉ ወደዚህ ዳርቻ ይጎትቱታል። ውኃው ዳር ላይ ስቡን በረጅም ቢላ ይልጡታል። ቆራጮች ይከትፉታል። ከዚያ ወደ ምድጃው። የቀለጠው ዘይት ውኃ ባለባቸው ገንዳዎች ውስጥ እየተላለፈ ይቀዘቅዛል፣ ቆሻሻው ይዘቅጣል፣ የጠራው በርሜል ይሞላል። ከጋኑ የተረፈው የተጠበሰ ስብ ደግሞ ለማገዶ ይውላል። ዛፍ በሌለበት አገር ዓሣ ነባሪውን ያቀለጡት በራሱ ስብ ነው።

ይህን ሲነግረን ዝም አልን። ነፋሱ የዋልረሶቹን ሽታ ያመጣል። ያን ጊዜ ጭሱና ግማቱ ምን ያህል እንደነበር ለማሰብ ሞከርኩ።

ሆላንዶች ቦታውን የያዙት ከ1614 ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ድንኳን ነበር። በ1619 የእንጨት ቤቶች ሠሩ፣ ጡቡንም እንጨቱንም ከአገራቸው ጭነው አመጡ። ኩባንያው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የሆላንድ ከተማ የየራሱ ቤትና ምድጃ ነበረው፤ አምስተርዳም፣ ሚድልበርግ፣ ፍሊሲንገን፣ ኤንክሃውዘን፣ ሆርን፣ ደልፍት። መሐል ላይ መድፍ ያለው ትንሽ ምሽግ ቆመ። ተቀናቃኝ ስለማይታመን ነው።

አሁን ወደ አዛውንቷ ትምህርት ቤት እንመለስ። በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ስሜረንበርግን ብዙ ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ አደረጓት። ሱቅ፣ መጠጥ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የቁማር ቤት፣ ሌላም ሌላም። ሰው እየተቀባበለ አሳደጋት። ከ1979 እስከ 1981 ከግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ በሎውረንስ ሃከቦርድ የተመራ ቡድን መጥቶ ሲቆፍር እውነቱ ወጣ። ደመቅ ባለችበት በ1630ዎቹ እንኳ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ቤት፣ ሰባት ያህል ጥንድ ምድጃ፣ ሁለት መቶ ያህል ሰው። ያውም በበጋ ብቻ። ቤተ ክርስቲያን የለም።

ራይክስሙዚየም ውስጥም በ1639 ኮርኔሊስ ደ ማን የሳለው ሥዕል አለ። ምድጃው ይጨሳል፣ ሰዉ ይርመሰመሳል። ሠዓሊው ግን እዚህ መጥቶ አያውቅም፤ ከሌላ ሥዕል ነው የወሰደው። እኔም ሥዕሉን አምኜ ነበር የመጣሁት።

አዛውንቷ «እንግዲያው የተማርነው ውሸት ነበር» አሉ። አዘኑ። እኔ ግን ቁጥሩ ሲያንስ ነገሩ የከበደ መሰለኝ። ብዙ ሺህ ሰው ባሕር ቢያራቁት አይገርምም። ሁለት መቶ ሰው፣ ሰባት ምድጃ!

ከሜዳው ወደ ላይ መቃብሮች አሉ፤ መቶ ያህል ይሆናሉ። ድንጋይ ተከምሮባቸዋል። ታሪካቸው የሚታወቀው የሰባት ሰዎች ነው። በነሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኩባንያው በየበጋው መጨረሻ ጋንና ጀልባ ጥሎ ይሄዳል። ተቀናቃኝ እንዳይዘርፈው ሰው ማስከረም ፈለገ። በ1633 ሰባት ሰዎች ቀሩ፤ መሪያቸው ያኮብ ሴገርስ ቫን ደር ብሩገ ነው። ክረምቱን በሙሉ ማስታወሻ ጻፈ። በጋ ሲሆን መርከብ ሲመጣ ሰባቱም በሕይወት ነበሩ። ኩባንያው ደስ አለው። በ1634 ሌሎች ሰባት ቀሩ፤ መሪያቸው አንድሪስ ያንስ ከሚድልበርግ።

በጥቅምት ፀሐይ ጠለቀች፤ ከዚያ በኋላ ለወራት አልወጣችም። ስከርቪ ያዛቸው። ስከርቪ ትኩስ አትክልት፣ ትኩስ ሥጋ ያጣ ሰው በሽታ ነው፤ ዛሬ የቫይታሚን ሲ እጥረት እንለዋለን። አዛውንቷ ነርስነታቸው መጣባቸውና አስረዱኝ። «ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ የዳነ ቁስል እንደገና ይከፈታል። መጨረሻ ላይ መነሳት ያቅታል። አንድ ሎሚ ያድነዋል፣ ልጄ።» ሰዎቹ ቅጠል ፈለጉ፣ ቀበሮና ድብ ለማደን ወጡ፣ አልቀናቸውም። በጥር መሞት ጀመሩ። ማስታወሻው የሚያበቃው የካቲት 26 ቀን 1635 ነው። አራት ቀርተናል፣ መሬት ላይ ተጋድመናል ይላል። አንዳችን ተነስተን ማገዶ ማምጣት ብንችል ኖሮ መብላት እንችል ነበር፤ ግን ከሕመሙ የተነሳ የሚንቀሳቀስ የለም፤ እንጸልያለን ይላል።

በበጋ መርከቦቹ ሲመጡ ሁሉንም ሞተው አገኟቸው። ከዚያ በኋላ እዚህ ሰው አላስከረሙም።

ያ ቤት የነበረበትን ቦታ ለማየት ጠየቅሁ። አስጎብኚው እጁን ወደ ሜዳው ዘረጋ፤ «እዚህ አካባቢ» አለ። ቆምኩና አባታችን ሆይ ደገምኩ። በአማርኛ። እነሱም በመጨረሻ የቀራቸው ጸሎት ነበር።

ከተማዋ በጦርነት አልጠፋችም። የኩባንያው ብቸኛ መብት በ1642 አበቃ። ዓሣ ነባሪዎቹ ከፊዮርዶቹ እየጠፉ ሄዱ። አዳኞቹም ወደ በረዶው ዳር ራቅ ብለው ማደን ጀመሩ፤ ስቡን መርከብ ላይ ቆርጠው በርሜል ውስጥ ከተው አገራቸው ወስደው ያቀልጡታል። ምድጃው እዚህ አያስፈልግም። በ1660 ገደማ ባዶ ሆነች። በ1671 ፍሪድሪሽ ማርተንስ የሚባል የሃምቡርግ መርከብ ሐኪም መጥቶ ፍርስራሹን አይቶ ጽፏል። አሁን ደግሞ ማዕበሉ ዳርቻውን እየበላ ነው። ከምድጃዎቹ የተወሰኑት ወደ ባሕሩ ገብተዋል።

ወደ ጀልባው ስንመለስ አንድ ዋልረስ ከውኃው ብቅ ብሎ አየን። ረጅም ጥርስ፣ ቀይ ዓይን። እነሱንም ለጥርሳቸውና ለስባቸው እዚህ ሊጨርሷቸው ደርሰው ነበር። ከ1952 ጀምሮ አይታደኑም። ተመልሰው የሞራ ከተማ ላይ ይተኛሉ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ለአዛውንቷ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም እጄን ያዙኝ።

አምስተኛ ቀን፦ ኢትረ ኖርስኮያ

ጠዋት በሰርጡ ማዶ የዴንማርኮች ደሴትን በሩቁ አየን። ከ1897 ጀምሮ ሰው የሚያስታውሳት በሌላ ነገር ነው፤ ስዊድናዊው አንድሬ በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ የተነሳው ከዚያ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሞተ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1930 ነው። ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ አልፈዋለሁ።

እኔ የመጣሁት ለኢትረ ኖርስኮያ ነው። ኮፍያዎቹ የወጡት ከዚህች ደሴት ነው። ሊያወርዱን ጀልባው ተዘጋጀ። ልብሴን ለብሼ ቆሜያለሁ። በዚያ ሰዓት ዳገቱ ላይ ነጭ ድብ ታየ። መውረድ ቀረ። ሕጉ ሕግ ነው፤ ግን ሆዴ ባባ።

ከመርከቡ በመነጽር አየሁ። ከላይ ኮረብታ አለ፤ አዳኞቹ እዚያ ላይ ወጥተው የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ይጠብቁ ነበር። ከሥሩ ትንንሽ የድንጋይ ክምሮች፤ መቃብሮቹ። መሬቱ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ሣጥኖቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። የተመረመሩት አጥንቶች አብዛኞቹ የስከርቪ ምልክት ነበረባቸው። ጥርሳቸው ላይ ክብ ጉድጓድ አለ፤ የሸክላ ፒፓ እየነከሱ ሲያጨሱ የሸረሸሩት። ስማቸው አይታወቅም። የሚታወቀው ኮፍያቸውና ፒፓቸው ነው።

ድቡ መቃብሮቹ መሐል አልፎ ወረደ። ሄደ።

ስድስተኛ ቀን፦ የበረዶው ዳር

80 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስን አለፍን። ባሕሩ በበረዶ ስባሪ ተሸፍኗል። ቀኑን ሙሉ መርከቡ አፍንጫ ላይ ቆሜ ባውሄድ ፈለግሁ። አላየሁም። ብዙ ሰው አያይም።

ከግሪንላንድ እስከ ስፒትስበርገን ባለው ባሕር አንድ ጊዜ በብዙ አሥር ሺህ ነበሩ። ከሦስት መቶ ዓመት አደን በኋላ አልቀዋል እስከመባል ደረሱ። በ2015 ተመራማሪዎች ከስቫልባርድ ሰሜን ባለው በረዶ ላይ በአየር እየበረሩ ሲቆጥሩ ጥቂት መቶ መኖራቸውን ገመቱ። ባውሄድ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይኖራል። ያ የሰባቱ ሰዎች ክረምት ካለፈ ሁለት ረጅም ዕድሜ እንኳ አልሞላም። የነዚህ አያቶች ያንን ጭስ ያውቁት ይሆናል።

ማታ አስጎብኚው ሁላችንንም ሰበሰበን። በግሪንላንድና በስፒትስበርገን መሐል ባለው በፍራም ሰርጥ ተመራማሪዎች ከባሕር ሥር ድምፅ መቅጃ አስቀምጠው ነበር። ባውሄዶቹ ክረምቱን በሙሉ፣ በጨለማው፣ ከበረዶው ሥር ይዘምራሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ 184 የተለያየ ዜማ ተቆጠረ። አንዱን ከፈተልን።

መጀመሪያ እንደ በር መንቋቋት ነው። ከዚያ ይሳባል፣ ይወርዳል፣ እንደ ማሲንቆ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ድምፅ ባንድ ጊዜ የሚያወጣ ይመስላል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሲያበቃ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

አዛውንቷ እጃቸውን አነሱ።

«እባክህ፣ እንደገና» አሉት።